የጠበበኝ አልቦ

የእናቴ የብር አልቦ አሁን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። የግራው ደህና ነው፤ የቀኙ በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ተቆርጧል። ልጄ አንዳንድ ቀን አውጥታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትለካውና "እማ፣ ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?" ትለኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው። "አንቺን የወለድኩ ጊዜ በጣም አምሮብኝ ነበር። ከማማሬ ብዛት ተቆረጠ" እላታለሁ። የማሾፍባት ይመስላታል። ነገሩ ግን ውሸት የለበትም፤ ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነበር።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ መጻፍ አይከብደኝም። የከበደኝ በመካከሉ ለእናቴ የተናገርኩት አንድ ክፉ ቃል ስላለ ነው። እሱን ዘልዬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ሳነበው የሌላ ሰው ታሪክ ሆነብኝ። ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ከእናንተ መካከል ቤቱ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ያለበት ሰው ካለ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በእኛ በላስታ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እኔ ላሊበላ ከተማ ተቀጥሬ አስተምራለሁ፤ ባሌ አዱኛም እዚያው የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ቢሆንም ይህ ወግ እንዲቀርብኝ አልፈለግኩም። እንዲያውም ከልጅነቴ ጀምሮ ስጓጓለት የኖርኩት ነገር ነው። ስምንተኛው ወር ሲያልቅ ጓዜን ሸክፌ ሄድኩ። የእናቴ ቤት ከብልባላ ገበያ የአንድ ሰዓት ዳገት ከተወጣ በኋላ ነው። ከበሩ ላይ ሲቆሙ የገብሱ ማሳ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይታያል፤ ጥቅምት ላይ ነፋስ ሲያነሳው እያየሁ ነው ያደግኩት።

እናቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነበረች። በመንደሩ አራስ በመንከባከብ የሚወዳደራት አልነበረም። አራስ ከሳች በተባለበት ቤት ሁሉ "እስቲ ጥሩወርቅን ጥሯት" ይባላል። እሷም የአጃ ዱቄቷን ይዛ ትሄድና በወሩ ያቺ ሴት ጉንጯ ሞልቶ ትታያለች። የሰዉን ልጅ ሁሉ አደልባ የገዛ ልጇ ተራ ሲደርስ እንዴት እንደጠበቀችኝ እናንተው ገምቱት። ቅቤ አጠራቅማ፣ ማር አስቀምጣ፣ ዶሮዎቹን "አንቺ የልጄ ነሽ፣ አንቺም የልጄ ነሽ" እያለች ለይታ ነበር።

ምጡ ሲይዘኝ ወደ ብልባላ ጤና ጣቢያ አወረዱኝ። ሲስተር ሐረግ የምትባል ወጣት አዋላጅ አዋለደችኝ። ሴት ልጅ። እሷም ደህና፣ እኔም ደህና። በማግስቱ ወደ ቤት ተመለስን። ለሴት ልጅ ክርስትና የሚነሳው በሰማንያ ቀን ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ከደጅ አልወጣም። ሰማንያ ቀን በእናቴ እጅ።

ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሊገድለኝ ምን ያህል እንደቀረበ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይናፍቀኛል። መደቡ ላይ አጎዛ ተደራርቦ ተነጥፎልኝ፣ ልጄን ብብቴ ስር ሸጉጬ እተኛለሁ። ማለዳ እናቴ ምድጃውን ስትቆሰቁስ፣ የአጃ አጥሚት ሲንተከተክ፣ ውጭ በሬዎቹ ሲፈቱ እሰማለሁ። ከዚያ ትመጣና "ተነሽ የኔ እመቤት" ትለኛለች። በሕይወቴ እመቤት ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጣባውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እስክጨርስ ከፊቴ አትነሳም።

"ይቺን ብቻ። ለልጅቱ ስትይ።"

"እማ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።"

"ይፈንዳ! አራስ ናት ብለው ይስቁልሻል።"

ረፋድ ላይ መሃሉ ቅቤ የተኛበት ገንፎ ይመጣል። ከሰዓት ሌላ አጥሚት፣ ማታ የዶሮ መረቅ። "አፍሽ ይከፈት" እያለች በሁሉም ላይ ጨው ትጨምራለች፤ እሱንም በቁንጥር ሳይሆን በእፍኝ ነው። እኔም እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። እንደዚያ የተወደድኩበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ገላዬን አጥባኝ ስታበቃ ከሳጥኗ ውስጥ የሰርጓን የብር አልቦ አውጥታ ሁለቱንም እግሬ ላይ አጠለቀችልኝ። ሰፊ ነበር፤ በአልቦውና በእግሬ መካከል ሁለት ጣቷን አስገብታ አዞረችው። "ክርስትናው ሳይደርስ ይሄ ጠቦሽ ካላየሁ እኔ ጥሩወርቅ አይደለሁም" አለችና ሳቀች።

ጠበበኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጣት ብቻ ያስገባ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት መዞር አቆመ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ቅቤና ዶሮ ይዘው የሚገቡት ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት እግሬን ሆነ።

"ኧረ ጉድ! ጥሩወርቅ፣ ይችን ልጅ ምን እያበላሻት ነው? አልቦው እኮ ሥጋዋ ውስጥ ሊገባ ነው!"

"ከዓይን ያውጣት በይ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ!"

"ከዓይን ያውጣት፣ ቱ ቱ! እናት እንዲህ ነች አራስ የምታርስ።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ብዙ ያልሳቀች ሴት ነበረች። ያ ሳቋ ደስ ስለሚለኝ እግሬን ከጋቢው ስር አውጥቼ አሳይላት ነበር።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ሰው "እንዴት አላወቃችሁም?" ሊል ይችላል። አላወቅንም። ሰው ሲወፍር ነው የምናውቀው፤ ፊቴም እጄም ሞልቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ወደ ጓሮ ደርሼ ስመለስ ዳገት የወጣሁ ያህል ያለከልከኛል። ሳል ጀመረኝ፤ በተለይ በጀርባዬ ስተኛ ይነሳብኛል። ልቤ ያለ ምክንያት ይሮጣል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ይህን ሁሉ ደክማልኝ "አመመኝ" ማለት ምስጋና ቢስነት መሰለኝ። ሳሉን ስትሰማ ግን ራሷ ደነገጠች። "ብርድ ገብቶሽ ነው" አለችና በሩን በጋቢ ጋረደች፤ አጥሚቱንም ጨመረች።

አዱኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላሊበላ ይመጣ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ሲመጣ ቁጭ ብዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ አገኘኝ። ተኝቼ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር።

"ይቺ ልጅ ታማለች፤ ሐኪም ይያት" አለ።

"አራስ በብርድ ልታወጣት ነው? ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ?" አለችው እናቴ።

"ሞታ ክርስትና አይነሳም እማማ!"

በሕይወቱ በእናቴ ላይ ድምፁን ሲያነሳ ያን ቀን ብቻ ሰማሁት። በማግስቱ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ በበቅሎ እስከ ብልባላ፣ ከዚያ በመኪና ላሊበላ ገባሁ። የሄድነው አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ጎርባጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። ጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሴት ልጄን ተቀብለውኝ አቅፈው አቆዩልኝ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ደም ተወሰደ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። ኪኒን ይዤ ወጣሁ። በሳምንቱ ስላልተሻለኝ ሌላ ቦታ ሄድን፤ "ሳንባ ሊሆን ይችላል" ተብሎ አክታዬ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም። "ወልደሽ ስለሆነ ነው፤ ድካም ያለ ነው፤ ዕረፊ፣ ፈሳሽ አብዢ" አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ፈሳሽ ማብዛት በእሷ ቤት አያስቸግርም። ወደ ብልባላ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ተቀምጬ ነው ያደርኩት። እንቅልፍ ሲወስደኝ የሆነ ሰው ደረቴ ላይ እንደቆመ እሆንና በርግጌ እነቃለሁ። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ጀርባዬን በጀርባዋ ትደግፈኛለች። በጨለማው ውስጥ የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ "ይቺን ልጅ ሳላሳድጋት ልሞት ነው" እላለሁ፤ በልቤ ብቻ። ሌላ ምንም አልተመኘሁም። አድጋ ስትሮጥ ማየት ብቻ ነበር የምፈልገው።

አሁን የዳንኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ልጅቷ አርባ አምስት ቀን ሞላት፤ የክትባት ቀኗ ደረሰ። እኔ መውጣት ስለማልችል እናቴ አዝላት ጤና ጣቢያ ወረደች። ሲስተር ሐረግ ካርዱን አየችና ጠየቀቻት።

"እናትየዋስ ማማ? ለምን አልመጣችም?"

እናቴም ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት ኮራ ብላ መለሰች፤ ቃሉን በኋላ ሲስተር ሐረግ ራሷ ነገረችኝ፦ "ቤት ናት። ትንሽ ብርድ ነገር መትቷት ተቀምጣ ነው የምታድር እንጂ ድልብልብ ብላለች! አልቦዋ እንኳ በሃያ ቀኑ ጠቧት የማይወጣ ሆኗል።"

ሲስተር ሐረግ መርፌውን አስቀመጠች። "ተቀምጣ ነው የምታድረው?" አለች። "አዎ።" "አልቦው የት ላይ ነው የጠበባት?" ከዚያ ክትባቱን ለባልደረባዋ ሰጥታ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ያንን ዳገት ወጣች። እናቴ ልጄን እንዳዘለች ከኋላ ከኋላዋ ትከተል ነበር።

ቤት ገባች። ከፊቴ ተንበርክካ ቅልጥሜን፣ ከአልቦው በላይ አጥንቱ ላይ፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ሁላችንም አየነው። ቆዳዬ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ፣ አልሞላ ብሎ።

"ይሄ ሥጋ አይደለም ማማ" አለች ቀስ ብላ። "ውኃ ነው።"

እናቴ ጣባ ይዛ ነበር። ምድር ላይ አስቀመጠችው።

የመንደሩ ወንዶች ተጠሩ። ቃሬዛ ላይ አድርገው፣ ተኝቼ መተንፈስ ስለማልችል ራስጌውን ከፍ አድርገው፣ እየተፈራረቁ አወረዱኝ። ከብልባላ በአምቡላንስ ላሊበላ። አዱኛ ከሥራ ቤቱ ሰጌቶውን ይዞ መጣና የድንገተኛ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ የቀኝ እግሬን አልቦ ቆረጠው። መግጠሚያው ሥጋ ውስጥ ገብቶ በሌላ መንገድ የሚወጣ አልነበረም። የግራውን በሳሙና ስበው አወጡት። አዱኛ ሲቆርጥ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ያንን ፊቱን አልረሳውም። እዚያ የልብ ችግር እንደሆነ ጠርጥረው፣ ኦክስጅን ሰጥተው፣ በጋሸናና በወገል ጤና በኩል ወደ ደሴ ላኩኝ።

ደሴ አንድ ሆስፒታል ተኛሁ። ልጄና እናቴ አብረውኝ ነበሩ። ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው ልቤን በስክሪን አዩት፤ የልብ አልትራሳውንድ ነው የሚሉት። ዶክተሩ ወጣት ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሐኪም ሲቀመጥልኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

"የአንጥረኛ ወናፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ቆዳው ሲላላ ቢጫኑትም እሳቱ አይነሳም። የአንቺ ልብ እንደዚያ ሆኗል። ጡንቻው ደክሞ ሰፍቷል፤ ደም ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ውኃው ወደ እግርሽ ወረደ፤ ወደ ሳንባሽም ገባ። አንዳንድ ሴቶችን በእርግዝናቸው መጨረሻ ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት የሚይዝ በሽታ ነው።"

"ልጄን አሳድጋታለሁ?"

"ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። አንቺም መድኃኒትሽን ካላቋረጥሽ ተስፋ አለሽ" አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ምን ስበላ እንደከረምኩ ጠየቃት። እሷ ምስኪን ሁሉንም ነገረችው። አጃውን፣ ገንፎውን፣ መረቁን፣ ጨው እንዳላሳነሰች። ሰው ሲያመሰግናት የኖረበትን ነገር ነው የዘረዘረችው። ዶክተሩ "ጨው ውኃ ይይዛል እናቴ፤ ያን ሁሉ ፈሳሽ ደግሞ ልቧ አልቻለውም" አላት።

የዚያን ጊዜ ነው ያልኩት። ፍርሃት ነበር፣ ድካም ነበር፣ ብቻ ከአፌ ወጣ።

"ገደልሽኝ! በገንፎሽ ገደልሽኝ!"

እናቴ አላለቀሰችም። ልጄን አዝላ አንቀልባውን አጠበቀችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ዶክተሩ ሲዞር ጠብቃ "የኔ ጌታ፣ እብጠትና ድልብ እንዴት ነው የሚለየው?" አለችው። እሱም አውራ ጣቷን ይዞ ቅልጥሜ ላይ አስቀመጠውና "ይጫኑ፤ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ከዚያ ያንሱት" አላት። ተጫነችኝ። ጉድጓዱን አየችው። ሌላኛውን እግሬን ተጫነች። እንደገና የመጀመሪያውን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር።

ከጎኔ የተኛችው ዘይነባ የምትባል የሐይቅ አካባቢ ሴት ነበረች፤ የቆየ የልብ ሕመም ይዟት ሆስፒታሉን እንደ ቤቷ የለመደች። ምግቤ ያለ ጨው ሲመጣልኝና ሳልነካው ሲመለስ አይታ ሎሚ ቆርጣ ሰጠችኝ። "ጭመቂበት። ወላሂ ትለምጂዋለሽ። አብሽሪ።" ዛሬም የምበላው በሎሚ ነው። በማግስቱ እናቴ የልጄን ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

"እናትሽ ኮሪደር ላይ ሁሉን አጫወተችኝ። ያቺ አዋላጅ እንዴት እንደመጣችልሽ ታውቂያለሽ?"

"እግሬን ልታይ ነዋ።"

"እግርሽን ማን ነገራት? እናትሽ ተኩራርታብሽ እኮ ነው! ባትኩራራብሽ ኖሮ ይሄኔ ቀብረውሻል።"

ዶክተሩም በዚያው ቀን በሽታው ከምን እንደሚመጣ በትክክል እንደማይታወቅ፣ ምግብ እንዳላመጣው፣ ጨውና ፈሳሹ እንዳባባሰው ብቻ ነገረኝ። እናቴ አልነበረችም። "ስትመጣ እነግራታለሁ" አልኩ። መጣች፤ አልነገርኳትም። እኛ ቤት ይቅርታ በአፍ መጠየቅ አልተለመደም። የተቀየመ ሰው ቤት ምግብ ይላካል፤ ያስቀየመ ሰውም ሄዶ ከተቀየመው እጅ ይበላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከእጇ መብላት ተከልክዬ ነበር።

ውኃ የሚያስወጣው መድኃኒት በአሥር ቀን ውስጥ እግሬን አጎደለው። ከእብጠቱ ስር የወጣችው ሴት አጥንቷ የሚቆጠር ነበረች። ልክ በሰማንያኛው ቀን ልጄን ክርስትና አስነሳኋት። በበቅሎ ነው የወጣሁት፤ እናቴ ልጓሙን ይዛ። በመንገድ ላይ ሴቶቹ ከስቼ ሲያዩኝ "ውይ ልጄን፣ ምን ነካት?" ይላሉ። እናቴ "ድናለች! ድና ነው!" እያለች ትመልሳለች። ደልባ ስትሞት ያዩዋትን ከስታ ስትድን ማስረዳት ከባድ ነበር።

መዳን ዝግ ያለ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ልጄን አቅፌ ሦስት ደረጃ መውጣት አልቻልኩም። ትምህርት ቤት ተቀምጬ አስተማርኩ። ኪኒን ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ደሴ። አዱኛ ሌሊት እየተነሳ ትንፋሼን ሲያዳምጥ ነቅቼ ዝም እለዋለሁ። ሐኪሞቹ ሁለተኛ ልጅ ልቤን መልሶ ሊያደክመው እንደሚችል ሲነግሩን ዘመዶቹ ወንድ ልጅ እንዳማራቸው ይነግሩት ጀመር። "ለእኔ አንድ ልጅ ከነእናቷ ይበቃኛል" ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ሲሻለኝ መድኃኒቱን ላቋርጥ ያማረኝ ጊዜ ነበር፤ እንኳን አላቋረጥኩ። በሁለተኛው ዓመት ዶክተሩ ስክሪኑን እያየ ፈገግ አለ፤ ልቤ ወደ መጠኑ ተመልሷል።

የእኔ መለኪያ ግን የእናቴ ዳገት ነበር። በእግሬ መጀመሪያ የወጣሁት ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አርፌ ነው። እናቴ ከላይ በሩ ላይ ቆማ ትቆጥር ነበር። በሚቀጥለው ስመጣ "ሰባት!" ብላ ጮኸች፣ ገና ሳልደርስ። ከዚያ አራት። ከዚያ አንድ ቀን ሳላርፍ ወጣሁ፤ ልጄ ከፊቴ እየሮጠች። እናቴ ምንም አልቆጠረችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳቋን ከአራስ ቤቱ ወዲህ ያን ቀን አየሁት።

ያን ቀን ምሳ ስንበላ ነው ወጧ ውስጥ ጨው እንደሌለ ያወቅኩት። ለእኔ ብላ መሰለኝ። ጎረቤት ነገረችኝ፤ ከደሴ ከተመለሰች ጀምሮ ጨው ቀምሳ አታውቅም።

"እማ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ጨው የተውሽ?"

"ለመድኩታ።"

"እማ፣ ደሴ ሆስፒታል ያልኩሽ ነገር..."

"ዝም በይ አንቺ። ምሳሽን ብይ።"

በላሁ። ሌላ ጊዜ እላታለሁ ብዬ ተውኩት። ሌላ ጊዜ ብዙ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልተጠቀምኩበት። እናቴ ባለፈው ዓመት ክረምት ሲወጣ ሞተች። ሁለት ቀን ብቻ ነው የተኛችው። እኔ ስደርስ አፏ ተይዞ ነበር፤ እጄን ያዘች፤ መሰነባበታችን ያችው ብቻ ነበረች።

በአርባዋ ተዝካር ስናወጣ እንግዳው በዛ። ከማላውቃቸው መንደሮች የመጡ፣ ልጅ ያዘሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህን ያህል ዘመድ እንዳለን አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዷ፣ ብርቱካን የምትባል፣ ሆዷ የገፋ፣ የሦስት ዓመት ልጅ በእጇ የያዘች፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንቺ ነሽ አስተማሪዋ ልጃቸው?"

"አዎ።"

"እኔን ያተረፉኝ እሳቸው ናቸው" አለች። "ይሄን የወለድኩ ጊዜ ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ፣ እሳቸው ሳልጠራቸው መጡ። ከቀሚሳቸው ኪስ የተቆረጠ አልቦ አውጥተው አሳዩኝ። ከዚያ እግሬን በአውራ ጣታቸው ተጭነው እስከ አምስት ቆጠሩ። ጎድጉዶ ቀረ። ‘ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው’ ብለው የዚያኑ ቀን ባሌን አስነስተው ጤና ጣቢያ ሰደዱኝ። ደም ግፊት ነበር፤ አንድ ቀን ብትቆዪ ኖሮ አትተርፊም ነበር ብለውኛል።"

"አራስ ቤት እየዞረች ነበር?"

"እንዴ! አላወቅሽም? የት ያልደረሱበት አለ። ሦስት ሰዓት በእግር ይሄዱ ነበር። ገንፎውን ሠርተው ያለ ጨው ያበሉሻል፣ ከዚያ እግርሽን ይጫኑሻል። አለመተኛት፣ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሁሉን ይጠይቃሉ።"

"ከማን እንደተማረችው ነግራችሁ ታውቃለች?"

"ሁልጊዜ ነዋ! ‘አራስ ሳደልብ ኖሬ ይሄን አላውቅም ነበር፤ ያስተማረችኝ ልጄ ናት’ ይላሉ። አንዷ ‘እንዴት ብላ አስተማረችዎት?’ ብትላቸው ‘በቁጣ ነዋ! አስተማሪ አይደለች? አስተማሪ ይቆጣል’ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ያላልኳትን ነገር እናቴ ራሷ ጨርሳው ነበር። እዚያው ድንኳኑ ስር፣ እንግዳ ሳላፍር፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ብርቱካን ደነገጠች፤ የሆነ ነገር ያስቀየመችኝ መሰላት። ልጄ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

ሲወጣልኝ የብርቱካንን ሆድ አየሁት።

"ስንተኛ ወርሽ ነው?"

"ስምንት ገባ።"

"እግርሽን አምጪ" አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ ዘረጋችልኝ። ቅልጥሟ ላይ አውራ ጣቴን አስቀምጬ ተጫንኩ። ልጄ ከጎኔ ተንበርክካ ጮክ ብላ ቆጠረችልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጣቴን አነሳሁ። ወዲያው ሞላ።